ምዕራፍ ስድስት፦ ጉልበት ሥራ ሲፈታ

በ1984 ከጎንደር መንደሮች ተነስተው በእግራቸው ሱዳን የገቡት የቤተ እስራኤል ወጣቶች ዛሬ ብዙዎቹ ስድሳውን ዓመት አልፈዋል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከአርማጭሆና ከሰሜን ተነስተው፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን ጫካ ውስጥ እየተሸሸጉ፣ ልጅ አዝለው ሽማግሌ ደግፈው፣ ገዳሪፍ አካባቢ ወደነበሩት የስደተኛ ካምፖች ደረሱ። በመንገድና በካምፕ አራት ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ መታሰቢያቸውም ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። ከተረፉት ብዙዎቹ በዘመቻ ሙሴ እስራኤል ገቡ። በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ወገኖቻቸው ከአዲስ አበባ ተከተሏቸው።

ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ኑሮ ከመሠረቱባቸው ከተሞች አንዷ አፉላ ናት። አፉላ በ1925 በኢይዝራኤል ሸለቆ መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከሜዳው መሐል ተነስታ እስከ ጊቫት ሃሞሬ ተዳፋት ትዘልቃለች። በረሃ ያቋረጡት እግሮች ዛሬ እዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ ትግል ይዘዋል። ሊፍት የሌለው የቆየ ሕንፃ ደረጃ፣ ከአልጋ የመነሳት ጭንቅ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ የጉልበትና የዳሌ ቁርጥማት ተራ ነገር ሆነዋል። ልጆች "እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ" ይላሉ፤ እናትም ትቀመጣለች። ከዓመት በኋላ መነሳቱ ይብስባታል።

ያን ሁሉ መንገድ የተራመደ ጉልበት ከሳሎን እስከ ማድቤት መሄድ ለምን አቃተው? "አርጅቷል፣ ምን ይደረግ" የሚለው መልስ ግማሹን እውነት ብቻ የያዘ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ መገጣጠሚያ በሥራ የሚኖር የሰውነት ክፍል ነው። ሕመም ሲጀምረው ሥራ ካስፈታነው ይዳከማል፤ በልኩና ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ከመለስነው ደግሞ፣ ጉዳቱ ባይጠፋም እንኳ፣ ሕመሙ ይቀላል።

ልም አጥንት ምን ይበላል?

ጉልበት የጭንና የቅልጥም አጥንቶች የሚገናኙበት፣ ከፊት በጉልበት ሎሚ የሚሸፈን መገጣጠሚያ ነው። የአጥንቶቹ ጫፎች ልም አጥንት የሚባል ነጭ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሽፋን አላቸው። ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህ ሽፋን አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ ስንራመድ የሚወርደውንም ክብደት ያሰራጫል።

ልም አጥንት ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በውስጡ የደም ሥር የለም። ጡንቻ ምግቡን ከደም ያገኛል፤ ልም አጥንት ግን ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ካለው ወፍራም ፈሳሽ ነው። ሰው እግሩን ሲረግጥ ልም አጥንቱ ተጨምቆ ፈሳሹን ይተፋል፤ እግሩን ሲያነሳ ደግሞ፣ ውሃ ውስጥ ተጨምቆ እንደሚለቀቅ ስፖንጅ፣ አዲስ ፈሳሽ ይመጥጣል። መርገጥና ማንሳት ከቆመ ምግቡም ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ የዋለ ጉልበት ምግቡ የጎደለበት ጉልበት ነው።

ልም አጥንት ነርቭም የለውም፤ ስለዚህ ራሱ አያምም። የሚያመው ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የከረጢቱ ሽፋን፣ ጅማቱና በዙሪያው ያለው ጡንቻ ነው። ራጅና ሕመም ብዙ ጊዜ የማይገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። ራጃቸው የተጎዳ ጉልበት እያሳየ ምንም ሳያማቸው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ ጥቂት ጉዳት ይዘው የሚሰቃዩም አሉ። ሐኪም ራጁን አይቶ "ልም አጥንትሽ አልቋል" ቢል፣ ያ ቃል የሕይወት ፍርድ አይደለም። ራጁ አጥንቶቹን ያሳያል፤ ነገ ምን ያህል እንደምትራመጂ ግን አይናገርም።

ይህ የልም አጥንት መሳሳት ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፤ በመገጣጠሚያ በሽታዎች መካከልም እጅግ የተለመደው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ እንደነበር አስታውቋል፤ ከእነዚህ 365 ሚሊዮን የሚሆኑት የታመመው ጉልበታቸው ነው። ከታማሚዎቹ መቶ እጅ ስድሳው ሴቶች ናቸው።

"ብርድ ነው"

ከአገራችን ሰው ቁርጥማት ምን እንዳመጣበት ብትጠይቁ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ብርድ ነው" ነው። የኢይዝራኤል ሸለቆ ክረምት ይህን እምነት ያጠነክረዋል፤ ጠዋት ጭጋጉ ሜዳውን ይሸፍናል፣ እርጥበቱ እስከ አጥንት ይዘልቃል።

ይህን ስሜት ንቆ ማለፍ አይገባም። በ2019 በብሪታንያ ይፋ የሆነ አንድ ጥናት፣ 2,658 ሰዎች የየዕለት ሕመማቸውን በስልካቸው እንዲመዘግቡ አድርጎ ከአየሩ ጠባይ ጋር አነጻጽሯል። እርጥበት በበዛበት፣ የአየር ግፊት በወረደበትና ነፋስ በበረታበት ቀን ሕመሙ በመጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ "ዛሬ ብርዱ ቀሰቀሰብኝ" የሚሉ እናት እውነታቸውን ነው። ብርድ ግን ልም አጥንትን አይበላም፤ የነበረውን ሕመም እንዲሰማ ያደርጋል እንጂ በሽታውን አይፈጥርም።

የብርድ ትልቁ ጉዳት ሌላ ነው፤ ሰውን ቤት ያስቀምጣል። ከኅዳር እስከ መጋቢት በር ዘግቶ የከረመ ሰው በጸደይ ሲወጣ የጭኑ ጡንቻ ሟሽሾ ያገኘዋል። ስለዚህ ጉልበትን በሙቅ ልብስ መጠቅለል ደግ ነው፤ ተጠቅልሎ መራመድ ግን ይበልጣል።

ከመንደር ወደ ፎቅ

የዛሬው ሕመም መነሻ በሁለት ዘመን የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው የአገር ቤቱ ድካም ነው። ወለቃ ላይ ሸክላ የሠሩ ሴቶች ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው፣ ቁጢጥ ብለው ገንቦ አበጅተዋል። ሴቶች እንስራ አዝለው ከምንጭ ወጥተዋል፣ እንጨት ተሸክመዋል፣ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ፈጭተዋል። ወንዶች አርሰዋል፣ ብረት ቀጥቅጠዋል። በቤጂንግ አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በወጣትነት ዘመን በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ማለት በእርጅና ከሚመጣ የጉልበት ሕመም ጋር ይያያዛል። የአገር ቤቱ ሥራ በጉልበት ላይ አሻራውን ትቷል።

ሁለተኛው ዘመን እዚህ የጀመረው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፋብሪካና በጽዳት ሥራ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሞ በመዋል አለፉ። ከዚያ ጡረታ መጣ። ውሃው ከቧንቧ፣ ዱቄቱ ከሱቅ፣ ልጁ በመኪና ሆነ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በቀን ብዙ ሰዓት የሚራመድ ሕዝብ ብዙ ሰዓት የሚቀመጥ ሆነ። ድሮ ጉልበቱን የሚጎዳውን ሸክም የሚችለው ጠንካራ የጭን ጡንቻ ነበር፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ የቆየው ጉዳት ተገለጠ።

በዚህ ላይ ክብደት ተጨመረ። የጉልበት ሸክም በሚዛን ላይ ከምናየው ይበልጣል። ስንራመድ፣ ከሰውነት የቀነሰ እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም ያነሳል። አምስት ኪሎ የቀነሰች ሴት ጉልበቷን በየእርምጃው ከሃያ ኪሎ ገላግላዋለች። በአሜሪካ በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ምግብን በማስተካከልና በእንቅስቃሴ ከክብደታቸው አሥር በመቶ ያህል የቀነሱ ሰዎች በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ የጉልበት ሕመማቸው በግማሽ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህን ያህል የሚሠራ ክኒን የለም።

ስኳርም አለ። ማኅበረሰባችን እስራኤል ሲገባ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይበትም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በእጅጉ ተስፋፋ። ጣፋጭ መጠጥ፣ ነጭ ዳቦና መቀመጥ አብረው ገቡ። ስኳርን የሚያመጣው ኑሮና ጉልበትን የሚያሳምመው ኑሮ አንድ ነው፤ ለአንዱ የተወሰደ እርምጃ ለሌላውም መድኃኒት ይሆናል።

የሚረሳም ነገር አለ፤ እርሱም ቫይታሚን ዲ ነው። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ የፀሐይ ጊዜ ይፈልጋል። አገር ቤት ሰው ፀሐይ ላይ ይውል ነበር። ቤት የሚውልና ረጅም ልብስ የሚለብስ ሰው ግን በፀሐያማ አገር እየኖረም ሊጎድለው ይችላል። ጉድለቱ ሲከፋ አጥንት ይለሰልሳል፤ ጭንና ወገብ ያማል፣ ከወንበር መነሳት ይከብዳል፣ ሰውም ቁርጥማት ይለዋል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በርካሽ ጠብታ ወይም ክኒን ይስተካከላል። መላ አካላታቸውን የሚያማቸው እናት ካሉ፣ ይህ ምርመራ እንዲደረግላቸው ሐኪሙን ጠይቁ።

ሁሉም ቁርጥማት አንድ አይደለም

እስካሁን የተባለው ለተለመደው የመገጣጠሚያ መሳሳት ነው። ሕመሙ ሲራመዱ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል፤ ጠዋት መገጣጠሚያው ቢተሳሰር እንኳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፍታታል። ከዚህ የተለየ ጠባይ ያለው ሕመም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ሕክምና ይፈልጋል።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የሁለቱንም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያሳብጣል፤ ጠዋት እጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስሮ ይቆያል፤ በወጣትነትም ይጀምራል። ሳይታከም የቆየ እንደሆነ ጣቶችን ያጣምማል። በመጀመሪያዎቹ ወራት መድኃኒት ከተጀመረ ግን መጣመሙን ማስቀረት ይቻላል። ስለዚህ የጣቶች እብጠት ስድስት ሳምንት ካለፈው የሩማቶሎጂ ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ ሃፍናያ (የሪፈር ወረቀት) መጠየቅ ይገባል። ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ስለሚችል፣ አማርኛ ብቻ ለሚያነቡ ወላጆች ቀኑ በትልቅ ፊደል በእሽጉ ላይ ይጻፍላቸው።

ሪህ በድንገት፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ የእግር አውራ ጣትን አሳብጦና አቅልቶ አንሶላ እንኳ እንዳይነካው ያደርጋል። ምክንያቱ በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ ጠጥሮ መገጣጠሚያ ውስጥ መግባቱ ነው። ቢራ፣ የበዛ ሥጋና አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች ይቀሰቅሱታል። መነሻው በሚገባ የታወቀ፣ መድኃኒቱም ያለ በሽታ ስለሆነ ማንም በየጊዜው እየተሰቃየ መኖር የለበትም።

ከትኩሳት ጋር የሚመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሌላ ጉዳይ ነው። ያልፈላ ወተት ወይም ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ የሚያመጣው ብሩሴሎሲስ፣ በኢትዮጵያም በእስራኤልም ያለ በሽታ ነው፤ ላብ፣ ትኩሳት፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። ለወራት የቆየ የአንድ መገጣጠሚያ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ክሳትና የሌሊት ላብ ካለበት የአጥንት ነቀርሳ መሆን አለመሆኑ መመርመር አለበት። ጉሮሮው ታሞ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው ተራ በተራ የሚያብጥ ልጅም ልቡ መታየት አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸኩለው ግን ይህ ነው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎና ቀልቶ ማንቀሳቀስ ካቃተ፣ በተለይም ትኩሳት ከተጨመረ፣ ውስጡ መግል ሊኖር ይችላል። ተህዋሲያን ልም አጥንትን በቀናት ውስጥ ያጠፋሉ። እንዲህ ያለ ጉልበት አይታሽም፣ አይተኮስም፣ እስከ ነገም አይጠበቅም። አፉላ ለሚኖር ሰው መንገዱ ቅርብ ነው፤ ከ1930 ጀምሮ ከተማዋን የሚያገለግለው የሃኤሜክ ሆስፒታል ሚዩን (የድንገተኛ ሕክምና ክፍል) ሌት ተቀን ክፍት ነው።

ጉልበትን ወደ ሥራው መመለስ

የጉልበት የቅርብ ደጋፊው የፊት ጭን ጡንቻ ነው። እርሱ ሲበረታ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ሸክም ይቀላል። ለዚህ የሚሆን አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ምረጡ ብባል ከወንበር መነሳትንና መቀመጥን እመርጣለሁ፤ መሣሪያም ገንዘብም አይፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የማይንቀሳቀስ፣ ጎማ የሌለው ወንበር ግድግዳ ያስደግፉ። ወደ ፊት ጠጋ ብለው ይቀመጡ። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው፣ ተረከዝዎን ከጉልበትዎ ጥቂት ወደ ኋላ ያድርጉ። ደረትዎን ወደ ፊት አዘንብለው አፍንጫዎ ከእግር ጣቶችዎ በላይ ሲደርስ፣ ወለሉን በተረከዝ እየገፉ ይነሱ። ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ አንድ ትንፋሽ ይውሰዱ። ከዚያ እስከ ሦስት እየቆጠሩ፣ ሳይወድቁ፣ በቀስታ ይቀመጡ። ጡንቻን የሚያበረታው ይህ ቀስ ብሎ መቀመጥ ነው። ጉልበቶችዎ ወደ ውስጥ እንዳይገናኙ ይጠንቀቁ። መነሳቱ ከከበደ ወንበሩ ላይ ወፍራም ትራስ ያድርጉ ወይም በእጅዎ ይደገፉ። በአምስት ጀምረው በየሳምንቱ አንድ ሁለት ይጨምሩ፤ አሥር ሲሞላ ትራሱን ያንሱ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል።

"ሲያመኝስ?" የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይመዝኑት። እስከ 5 የሚደርስና በማግስቱ ወደ ነበረበት የሚመለስ ሕመም ጉዳት እያደረሰ አይደለም። ከዚያ ካለፈ ወይም በማግስቱ ካበጠ ቁጥሩን ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። በ2013 በዴንማርክ የተጀመረውና ወደ ብዙ አገር የተስፋፋው የጉልበትና የዳሌ ሕመምተኞች ሥልጠና የተመሠረተው በዚሁ ልክ ላይ ነው። ለውጡ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በሁለት ሳምንት ተስፋ የቆረጠ ሰው ፍሬው ሳይደርስ ትቶታል ማለት ነው።

ከዘራ የሚይዙ አባቶችም አንድ ነገር ይወቁ። ብዙዎች ከዘራውን በታመመው ጉልበት በኩል ይይዙታል፤ ትክክሉ ግን በተቃራኒው እጅ መያዝ ነው። ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው ከዘራውን በግራ እጁ ይዞ፣ ከዘራውንና ቀኝ እግሩን እኩል ያሳርፋል። ያን ጊዜ ከዘራው የሰውነቱን ክብደት ይካፈላል። እጅ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲቆም የከዘራው መያዣ የእጅ አንጓ ላይ መድረስ አለበት፤ ረጅም ከሆነ ይቆረጥ። በደረጃ ላይ ደግሞ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም።

ቡና የሚያፈሉ እናቶች በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ጉልበት እጅግ ታጥፎ ሲቆይ በሎሚው ሥር ያለው ግፊት ይበረታል፤ ስንነሳም የሚያመን ለዚህ ነው። ረከቦቱን ከፍ ባለ ጠረጴዛ፣ እናትን ደግሞ ጭናቸው ቀጥ ብሎ በሚያርፍበት ወንበር ማድረግ የቡናውን ሥርዓት አያጎድልም። በአቦልና በቶና መካከል ተነስቶ ቤቱን መዞር ቢታከልበት ደግሞ እሰየው ነው።

መራመድም እንዲሁ ነው። ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ፣ ከጓደኛ ጋር። አፉላ ሜዳዋ ሰፊ ነው፤ ጊቫት ሃሞሬ የሚኖሩ ግን ቁልቁለቱን ሳይሆን ደልዳላውን መንገድ ይምረጡ፣ ቁልቁለት ጉልበት ላይ ይበረታልና። በበጋ ሸለቆው ስለሚግል ሰዓቱ ማለዳ ይሁን።

ፍል ውሃ፣ ወጌሻና ክኒን

ፍል ውሃ ከሕዝባችን ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው። በደቡብ ጎንደር ዋንዛዬ ሕመምተኛ ሲሄድ ኖሯል፤ አዲስ አበባም በ1886 ስትቆረቆር የፍል ውሃው ስፍራ ለንጉሡና ለእቴጌ ጣይቱ ቤተሰብ መታጠቢያ ነበር። ከአፉላ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ የጥብርያ ፍል ውሃ አለ፤ ራቅ ብሎ ሐማት ጋዴር። ሙቀቱ ጡንቻን ያፍታታል፣ ውሃው ክብደትን ይሸከማል፣ ሕመሙም ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቀላል። ልም አጥንትን ግን አይመልስም። ከሁሉ የሚሻለው እፎይታውን ተጠቅሞ እዚያው ውሃ ውስጥ እግርን ማንቀሳቀስ ነው። የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ስኳር ያለበት ደግሞ እግሩ ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል መጀመሪያ በእጁ ይፈትን። አንድ ጊዜ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ መቆየትም አያስፈልግም።

የወጌሻ እጅ የደከመ ጡንቻን ያሳርፋል። ያበጠና የጋለ መገጣጠሚያ፣ ወይም ተሰበረ ተብሎ የሚጠረጠር አጥንት ግን የወጌሻ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ አጥብቆ ከመታሰር የተነሳ እግራቸው ሞቶ የተቆረጠባቸው ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። የታመመን መገጣጠሚያ መተኮስም ቁስል እንጂ ፈውስ አይሰጥም፤ ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ አደገኛ ነው።

ወደ ክኒን ስንመጣ ብዙ ቤት ያለው አካሞል (ፓራሲታሞል) ነው። ለተለመደው የጉልበት ሕመም የሚሰጠው እፎይታ አነስተኛ ነው፤ ከልክ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። ከዚያ የሚበረቱት እንደ አድቪልና ቮልታሬን ያሉት ናቸው። እነዚህ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊት ያስነሳሉ። የግፊት ክኒንና ሽንት የሚያበዛ ክኒን ለሚወስድ አረጋዊ ደግሞ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊቱን ሊያደክሙ ይችላሉ። ከጎረቤት የተቀበሉትን ክኒን የመዋጥ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ለጉልበት የሚሻለው መጀመሪያ የሚቀባውን ቮልታሬን መሞከር ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነውና። ከበርበሬ ከሚገኘው ካፕሳይሲን የሚሠራ ቅባትም አንዳንዶችን ይረዳል፤ ከቀቡ በኋላ እጅን በደንብ መታጠብ ያስፈልጋል።

በየፋርማሲው የሚሸጠው ግሉኮሳሚን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። በ2006 በአሜሪካ 1,583 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በጥቅሉ ከባዶ ክኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ያ ገንዘብ ለጥሩ ጫማ ቢውል ይሻላል።

ዝሪካ (መርፌ) እና ኒቱዋሕ (ቀዶ ሕክምና)

ወደ ጉልበት የሚሰጠው የኮርቲዞን ዝሪካ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል። ያበጠ ጉልበት ለመራመድ እንዲበቃ ጊዜ መግዣ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ግን ከዝሪካው በኋላ ለቀናት ስኳሩ ከፍ ሊል ስለሚችል በየቀኑ ይለካ፤ ለሐኪሙም አስቀድሞ ይንገር።

በቀዳዳ ገብቶ ጉልበትን "ማጠብ" ለመሳሳት ሕመም እንደማይረዳ ታውቋል። በ2002 በአሜሪካ ሂውስተን በ180 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ጉልበታቸው ታጥቦ የተጠረገላቸውና ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ የተሰፋላቸው ሰዎች የሕመማቸው መቀነስ እኩል ሆኖ ተገኝቷል።

ጉልበትን በሰው ሠራሽ መተካት ግን ሌላ ነው። ሁሉም ነገር ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳና እርምጃን ሲያስቀር ብዙዎችን ወደ ሰውነታቸው የሚመልስ ቀዶ ሕክምና ነው። ከአሥር ሰው ሠራሽ ጉልበቶች ስምንቱ ገደማ ከ25 ዓመት በኋላም ያገለግላሉ። ከአምስት ሰዎች አንዱ ግን እንደጠበቀው አይደሰትም። ከኒቱዋሕ በፊት ጭኑን ያበረታ ሰው በኋላም ቶሎ ይነሳል፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው የቀዶ ሕክምናውን ወረፋ ለሚጠብቅ ሰውም ግዴታ ነው።

ሐኪም ፊት

በ1995 በሥራ ላይ የዋለው የጤና መድን ሕግ እያንዳንዱን የእስራኤል ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊሞች (የጤና መድን ተቋማት) የአንዱ አባል አድርጎታል። ፊዚዮቴራፒም ጉልበት መተካትም በዚያ ሕግ ውስጥ ያሉ መብቶች ናቸው። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ ደግሞ የጤና ተቋማት በሕመምተኛው ቋንቋና ባህል እንዲያገለግሉ ያዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ የአያቷን ሕመም እንድትተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ይከብዳል፤ አያት በልጅ ፊት የማይናገሩት ብዙ ነገር አለና። ለማኅበረሰባችን የጤና ትምህርት ሲሰጥ የኖረው ጤና ብሪዩት የተባለው ድርጅትም የተነሳው ይህን የቋንቋና የባህል ክፍተት ለመሙላት ነው።

ከሐኪሙ ጋር ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ አራት ነገር ተዘጋጅቶ ይቅረብ፦ የሚያመው የትኛው መገጣጠሚያ እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ጠዋት ለስንት ደቂቃ እንደሚተሳሰር፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች በሙሉ በከረጢት ተይዘው። "ሁሉ ነገሬን ይቆረጥመኛል" ያለ ሰው ክኒን ተሰጥቶት ይመለሳል፤ "ጣቶቼ አብጠዋል፣ እስከ ረፋዱ አይዘረጉም" ያለ ደግሞ ወደሚገባው ሐኪም ይላካል። ክኒን ሲታዘዝም አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ "ፊዚዮቴራፒ ይጻፍልኝ?"

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሕመምን በዝምታ መቻልን ተምረው አድገዋል፤ ያ ትዕግሥት በመንገድ ላይ ሕይወታቸውን አትርፏል። ዛሬ ግን መገጣጠሚያቸውን የሚያድነው ዝምታ አይደለም። እናንተ ልጆች ደግሞ ወላጆቻችሁን በፍቅር አታስቀምጧቸው። ገበያ ስትሄዱ አስከትሏቸው፣ ሽንኩርቱን ይክተፉ፣ ሻይውን ያፍሉ፣ የልጅ ልጃቸውን እስከ መዋለ ሕፃናት ያድርሱ። ከወንበር መነሳቱን አብራችኋቸው ቁጠሩ። ያበጠና የጋለ ጉልበት ስታዩ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ የተለመደውን የመሳሳት ቁርጥማት ግን በየቀኑ በመራመድ አክሙት። ለወላጅ ከሚደረግ እንክብካቤ ሁሉ የሚበልጠው በገዛ እግሩ እንዲቆም መርዳት ነው።